በለቅሶ መኪና የሄደችው ሙሽራ

የሞጣው መካኒክ የመኪናዬን የታይሚንግ ቺንጋ ቀየርኩልህ ብሎ ሰጠኝ፤ ሳይውል ሳያድር ሞተሬ ፈረሰ። ጥፋቱ የእሱ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ወደ ታች ስታነቡ የሰው ደግነት ስለምታገኙ ጥፋቱን እንዳትረሱት ብዬ ነው። እኔ አልረሳሁትም።

የሆነው ባለፈው ጥር ነው። ፊደል የለየሁት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ማሳመር አልችልበትም፤ እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ነገሩ ከልቤ ያልወጣው በሞተሩ ምክንያት አይደለም። እኔ ሰው ማመስገን አልወድም። ያመሰገንኩት ሁሉ ኋላ ውለታውን ቆጥሮብኛል። አንድ ሰው ግን አልቆጠረብኝም፤ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

የምኖረው ቢቸና ነው። አንዲት አሮጌ ሚኒባስ አለችኝ፤ ቢቸናና ሞጣ እየተመላለስኩ ሰው እጭንባታለሁ። ልጄ አንማው የሞጣ ልጅ አጭቶ ሰርጉ ለእሑድ ተቆረጠ። ዘመድ ሁሉ «አዲስ መኪና ተከራይ» አለኝ። ልጁን ያሳደግሁት በዚህች መኪና ነው፤ ሚስቱንም የማመጣለት በዚህችው ነው ብዬ እምቢ አልኩ። መንገድ ላይ እንዳታሳፍረኝ ብዬም ዓርብ ዕለት ሞጣ ጋራዥ አስገባኋት።

ለማያውቅ ሰው ልናገር። የታይሚንግ ቺንጋ የሞተሩን ላይኛና ታችኛ ክፍል እኩል የሚያዞር ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ሲላላ ወይም ሲበጠስ ላይኛውና ታችኛው መጠባበቃቸው ይቀርና ይጋጫሉ። ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ኩሽኔታ የሚባል አንድ ክብ ተሽከርካሪ ብረት ነው። ኩሽኔታውን የሚይዘው ደግሞ አንድ ብሎን ነው።

መካኒኩ ደሳለኝ ይባላል። እጁ የታወቀ ነው፤ ለዚህ ነው እሱ ዘንድ የሄድኩት። አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሁለት ሰዎች ጋቢ ደርበው መጡ።

«ምነው በደኅና?» አላቸው።

«በደኅና ነው። አክስትህን ትንሽ አሟት ልይህ ብላ ነው። ሥራህን ጨርስ፤ እንጠብቅሃለን።»

በርጩማ ቢሰጣቸው አልተቀመጡም። ሻይ ላስመጣ ቢል አይሆንም አሉ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። በእኛ አገር መርዶ ብረት ለያዘ ሰው በሥራ ቦታ አይነገርም። ቤት ተወስዶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ተቀምጦ ነው የሚረዳው። ለእኔ ያኔ ይህ አልመጣልኝም። ደሳለኝ ግን እየሠራ ዞር ዞር እያለ ያያቸው ነበር። ሽፋኑን ገጠመ፤ አስነሳት፤ ሞተሯ እንደ ድመት አንኮራፋች። «አለቀች ጋሼ» አለኝና የእጁን ግራሶ ሳያስለቅቅ ተከትሏቸው ወጣ።

እሑድ ሙሽራይቱን ከሞጣ አወጣናት። መኪናዋ ውስጥ ልጄ፣ ሙሽራይቱ፣ ሚዜዎቹና እህቴ የሺ አሉ። የሺ የዘመዱ ሁሉ ዘፈን አውጪ ናት፤ ሰርግ ላይ እሷ ካላወጣች ዘፈኑ አይደምቅም። ከበሮው ይደለቃል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። ቢቸና ድንኳን ሙሉ እንግዳ ይጠብቀናል። ፀሐይ ሳትጠልቅ መግባት ነበረብን። ሙሽራ መንገድ ላይ ካደረች ትዳሩ አይሰነብትም ይባላል፤ የሺ ደግሞ የሚባለውን ሁሉ የምታምን ሴት ናት።

ሞጣን ለቀን ብዙም ሳንርቅ አንድ ቁልቁለት ላይ ከፊት «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩ ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑም መሪውም ድንጋይ ይሆናል። ከኋላዬ ዘፈኑ ቀጥሏል፤ ማንም አላወቀም። በሁለት እግሬ ፍሬኑ ላይ ቆምኩ፤ በአንድ እጄ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። መኪናዋ እየተንሸራተተች ወርዳ ከአንድ ግቢ በር ላይ ቆመች። ላቤን ስጠርግ ከበሮው ድንገት ዝም አለ። ቀና ብዬ አየሁ። ከበሩ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

ለቅሶ ቤት ነው። እኛ እየጨፈርን ሄደን የቆምነው ለቅሶ ቤት በር ላይ ነው።

«ወንድምዓለም፣ አንቀሳቅሳት!» አለችኝ የሺ።

«ሞታለች።»

«ማን?»

«መኪናዋ ናታ!»

«አፍህን ቁረጠው! እዚህ በር ላይ ሞተች አትበል!»

ስልክ አወጣሁ። ሞጣ ደወልኩ፣ ቢቸና ደወልኩ። የጥር እሑድ ነው፤ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ሙሽራ ጭኗል። አንድም መኪና አጣሁ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ገባሁ፤ ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ሳይገቡ ስልክ ማውራት ነውር ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ጎንበስ ስል ከፊቴ ራሱን የተላጨ ሰው ተቀምጧል። ደሳለኝ ነው።

ሰውነቴን እሳት ላሰው። ሌላ ቦታ ቢሆን ምን እንደማደርገው እኔ አውቃለሁ። ለቅሶ ቤት ድምፅ ከፍ አይልም። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። እሱ አየኝ፤ በበሩ በኩል መኪናዋን አየ፤ ተነሥቶ ወጣ። ከሥሯ ገብቶ፣ ሽፋኑን ፈትቶ፣ እጁን ከተተና ብሎኑን በሁለት ጣቱ ብቻ አዙሮ አወጣው። ቺንጋው ከቦታው ወጥቶ ተተልትሏል።

«ያጠበቅሁት መስሎኝ ነበር ጋሼ» አለ። «እነዚያ ሰዎች አንቀመጥም ሲሉ ጊዜ አክስቴ እንደሞተች አወቅሁ። እጄ ይሠራል፣ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

«የሟቿን ነፍስ ይማር» አልኩት በዝግታ። «አንተን ግን አይማርህ። ሙሽራ ጭኜ ልትገድለኝ ነበር።»

ይህን ስል አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ደርሰዋል። አያ ሙላት ይባላሉ፤ የሟቿ ባል ናቸው። ወደ እኔም ወደ ደሳለኝም አላዩም። የመኪናዋ መስኮት ዘንድ ሄደው ውስጡን ተመለከቱ።

«ይህች ልጅ በሙቀት ልታልቅ ነው እኮ። ምን ትጠብቃላችሁ? ከጥላ ትግባ።»

«አያ፣ ሙሽራ ለቅሶ ቤት አትገባም» አለች የሺ፤ የመኪናዋን በር በጀርባዋ ደግፋ ቆማ።

«መቼ ለቅሶ ቤት ትግባ አልኩ? ከዋርካው ጥላ ትግባ ነው ያልኩ። ዋርካው አላዘነም።»

ከመንገዱ ማዶ ዋርካ አለ፤ ሙሽራይቱን ከሥሩ አስቀመጥናት። ወደ ሴቶቹ ዞረው አንድ ቃል ሲናገሩ ጎረቤት ለለቀስተኛው ያመጣው እንጀራና ጠላ መንገድ ተሻግሮ እኛ ዘንድ መጣ። የሺ እህሉን አልነካም አለች። ሚዜዎቹ ግን ርቧቸው ስለነበር ትእዛዝ አልጠበቁም።

ፀሐይዋ ማዘንበል ጀመረች። ከግቢው አጥር ውጭ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ከደብረ ወርቅ ለለቅሶ የመጡ ሰዎች የመጡበት ነው፤ ሊመለሱ ተነሥተው ነበር። አያ ሙላት ባለመኪናውን ጠሩት።

«አንተ፣ መኪናህ ሁሉን አይችልም፤ ዘመዶቻችን ዛሬ እዚህ ያድራሉ። እነዚህን ቢቸና አድርስና ጠዋት ተመለስ።»

ከእንግዶቹ አንዲት አሮጊት «ላሞቼ ሳይታለቡ ሊያድሩ?» ብለው አጉረመረሙ። ሽማግሌው «አንድ ቀን ጥጃው ይጥገባ» አሏቸው። ማጉረምረሙ በዚያው ቀረ። እነዚያ ሰዎች ለማያውቁት ሰው ሙሽራ ሲሉ ሐዘን ቤት ሣር ላይ አደሩ።

የሺ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። «በለቅሶ መኪና? ሙሽራ? ወንድምዓለም፣ ይህን ካደረግህ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ!»

አያ ሙላት ያን ጊዜ ቀረብ አሏት። «ስሚኝ የእኔ ልጅ። የእኔይቱ በዚህ መንገድ ነው ሙሽራ ሆና የመጣች፤ በዚሁ መንገድ ነው ትናንት የወጣች። መንገዱ ምን አጠፋ? መኪናውስ ምን አጠፋ? ቤቴ ባዶ ሆነ ብዬ የሌላውን ቤት ላስቀርበት?»

የሺ ከበሮውን ልታወርድ ወደ ሚኒባሷ ሄደች። ከዚያ ሙሽራይቱ ተነሣች። ከወጣን ጀምሮ ድምፅዋን አልሰማንም፤ ሙሽራ አትናገርም። መንገዱን ተሻግራ መጥታ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች። «ነፍሳቸውን ይማርልዎት አባ» አለችና ራሷ አይሱዙው ላይ ልትወጣ እግሯን አነሣች። ልጄ ሮጦ ደገፋት።

እኔ ከመኪናዬ ጋር ልቀር ነበር። አያ ሙላት አልፈቀዱም። «አባት ከልጁ ሰርግ አይቀርም። መኪናህ እዚህ ናት።»

«እኔ እጠብቃታለሁ ጋሼ» አለ ደሳለኝ።

«እንደ ብሎኑ እንዳትጠብቃት!» አልኩት።

አይሱዙው ሲነሣ ማናችንም አፋችንን አልከፈትንም። በዚያ በር እንዴት ይዘፈናል? ከበሩ ፊት ስናልፍ አያ ሙላት እጃቸውን አነሡና መኪናውን አስቆሙ።

«ሙሽራ እንዲህ ዝም ብላ ነው የምትሄድ? ቀባሪ ናችሁ እንዴ?» ብለው ወደ ሴቶቻቸው ዞሩ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቅድም ስለ ላሞቻቸው ያጉረመረሙት አሮጊት ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ዝቅ አደረጉና እልል አሉ። አጭር ነበር፤ መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። እኔ አባቴን ስቀብር አላለቀስኩም። እዚያ አይሱዙ ላይ ግን ፊቴን ወደ ጭነቱ ሳንቃ አዞርኩ። ቢቸና ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ልከሰው ቆርጬ ነበር። መኪናዬን አስጎትቼ ግቢዬ አቁሜያታለሁ፤ ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አያ ሙላት ናቸው፤ ራሳቸውን እንደተላጩ፣ ጥቁር እንደለበሱ። ሐዘንተኛ ሽማግሌ ሆኖ ከመጣ እምቢ እንደማይባል እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ሳይቀመጡ ቀደምኳቸው።

«አያ፣ ለእርስዎ ሕይወቴን ብሰጥ አልቆጭም። ዕርቅ ግን አልፈልግም። ሞተሬን ነው የምፈልገው።»

«እሱስ መቼ ዕርቅ አምጣልኝ አለኝ? መፍቻውን ይዞ ውጭ ቆሟል» አሉኝ።

ደሳለኝ እኔ ቤት እያደረ ሞተሯን አውርዶ ፈታት። የተጣመሙትን ቫልቮች ሁሉ ቀየረ። እኔ በርጩማዬን አምጥቼ ከራስጌው ተቀመጥኩ። ብሎን ባጠበቀ ቁጥር «ጠበቀ?» እለዋለሁ፤ «ጠበቀ» ይለኛል። ሲሰለቸውም አልተውኩትም። የኩሽኔታው ብሎን ላይ ሲደርስ መፍቻውን ለእኔ አቀበለኝ። ያን ብሎን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ በተራው «ጠበቀ ጋሼ?» አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ።

አሁንም ቢሆን ደሳለኝን አላመሰግነውም፤ ያፈረሰውን ነው የሠራው። አያ ሙላትን ግን በየመንገዱ አመሰግናቸዋለሁ። በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ተሳፋሪው ቢቸኩልም ቢቆጣም ቆሜ ደኅንነታቸውን ሳልጠይቅ አላልፍም። ሰው በሐዘኑ ቀን የራሱን በር ነው የሚዘጋ። እሳቸው ለእኔ ከፈቱልኝ።

የሟቿ አርባ በወጣ ቀን ልጄን፣ ሚስቱንና የሺን ጭኜ ወደ ተዝካሩ ሄድኩ። የሺ አንድ ገንቦ ጠላ በጭኗ አቅፋ ነበር። መኪናዋን ያን ጊዜ የሞተችበት ቦታ ላይ አቆምኳት፤ ሞተሩን አጠፋሁ፤ መልሼ አስነሣሁት። ተነሣ። ደሳለኝ ከግቢው ውስጥ ሆኖ ያዳምጥ ኖሮ አንገቱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። ጉዳዩ ያለቀው ያን ዕለት፣ የካቲት 27 ቀን ነው።