የላቦራቶሪ ጓደኛዬን ፍለጋ ወደ ሰቃ

ዓርብ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቶቹ "ጅማ! ጅማ በወንበር!" እያሉ ይጣራሉ። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ በማዳበሪያ የታሰረ ጫማ ይጫናል። የእኔ ጓዝ አንዲት የጀርባ ቦርሳ ናት፤ የሚሸኘኝም ሰው የለም።

ለምን እንደምሄድ ልንገራችሁ። በአንድ የምህንድስና ትምህርት ቤት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ የማጠናው ብርሃንን ነው። ዓይን የማያየው ሌዘር በአንዲት ትንሽ ክሪስታል ውስጥ ያልፋል። አልፎ አልፎ አንዱ የብርሃን ቅንጣት ለሁለት ይከፈልና መንታ ሆኖ ይወጣል። መንትዮቹ ተራርቀውም ምን ያህል እንደተሳሰሩ መለካት የእኔና የራህማ ሥራ ነበር። እኔ መስታወቱን በፀጉር ስፋት ሳዞር እሷ ከስክሪኑ ላይ ታነብልኛለች። ከወራት በፊት "አባቴ ታሟል" ብላ ጅማ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ስልክ ስደውል ወይ አታነሳም፣ ወይ "ቡና ላይ ነኝ" ብላ ትዘጋለች። ትመለሳለች ተብሎ የተያዘላት ቦታ ሰሞኑን ለሌላ ሊሰጥ ነው። እንድትመለስ ለመለመን ነው የምሄደው።

ቀትር፣ ሰኮሩ

የጊቤን በረሃ በተከፈተ መስኮትና በተዘጋ ዓይን አለፍነው። ከወንዙ ማዶ መንገዱ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ አረንጓዴው ጀመረ። ሰኮሩ ላይ ለምሳ ስንቆም ብቻዬን ሽሮ ሳዝዝ ያየኝ ሹፌር በእጁ ጠራኝ።

"ነይ እዚህ ብዪ እንጂ። ብቻውን የሚበላ ሰው እያየሁ እህል አይወርድልኝም።" ትሪውን ወደ እኔ ገፋልኝ። "ጅማ ዘመድ አለሽ?"

"ጓደኛ አለችኝ።"

"መምጣትሽን ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እንግዲያውስ ዘመድ ናት" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሰው ጋር በአንድ ትሪ ከበላሁ መቆየቴን ያን ጊዜ አስተዋልኩ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ጅማ

ከመናኸሪያው በባጃጅ ቦሳ አዲስ ወደሚባለው የራህማ ሰፈር ሄድኩ። ቤቱን ስጠይቅ አንዱ ልብስ ሰፊ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ በአገጩ አሳየኝ። በረንዳው ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ የራህማ አባት፣ አባባ ሱልጣን። ራህማ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰቃ፣ ቡና ማድረቂያው ላይ ናት፤ ዛሬ እዚያው አክስቷ ቤት ታድራለች አሉኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ልጄን ልትወስጃት ነው የመጣሽው?"

"ከፈቀዱልኝ፣ አባባ።"

"ወላሂ፣ ውሰጃት!" አሉና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ልቤን አሞኝ ነበር። አሁን አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ። ሂጂ ስላት 'የቡናው ሥራ ይለቅ' ትለኛለች። እንቅልፍ የለኝም፣ ልጄ። የልጁን ዕድል የቀማ አባት ሆኜ መሞት አልፈልግም።"

የእንግዳ ክፍል ውስጥ አነጠፉልኝ። ነገ የምላትን በልቤ ስደረድር ደስ አለኝ፤ አባቷ ከእኔ ጋር ናቸውና።

ቅዳሜ፣ ሰቃ

ሚኒባሱ በሰውና በሙዝ ተሞልቷል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና አለ፤ ቅርንጫፉ በቀይ ፍሬ ከብዶ ጎንብሷል። ማድረቂያው ግቢ ውስጥ በሽቦ የተሠሩ ረጃጅም አልጋዎች ተደርድረዋል፤ እሸቱ ቡና ተሰጥቶባቸው ሴቶች የተበላሸውን ይለቅማሉ። ራህማን ከሩቅ ለየኋት። ራሷን ወደ ጎን አዘንብላ ፍሬ ትመርጣለች።

"ሰብለ! አንቺ ነሽ?" አቅፋኝ አልለቀቀችም።

ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ሌሊቱን የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። "ላቦራቶሪው ያላንቺ ባዶ ነው" አልኳት። "አንዳንድ ቀን ድምፄን የምሰማው ለጥበቃው እንደምን አደሩ ስል ብቻ ነው። አባትሽም ተሽሏቸዋል። ተመለሺ።"

ከዚያ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች።

"እንዲህ ሳደርግ ፊትሽ የለም" አለች። "ፀጉርሽ አለ፣ ትከሻሽ አለ። ፊትሽ ያለበት ቦታ ግራጫ ነው።"

አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ።

"መቼ?"

"አንቺ ለበዓል አገርሽ የሄድሽ ጊዜ። መከላከያ መነጽሬን ለአፍታ አወለቅኩ። ጨረሩ የእጅ ሰዓቴ ላይ ነጥሮ ዓይኔ ገባ መሰለኝ። ምንም አላየሁም፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን ጧ ያለ መሰለኝ። ሐኪሙ 'አይመለስም' አለኝ።"

"ለምን ሳትነግሪኝ?"

"አፍሬ። ወዲያው ደግሞ አባ ታመመ። ለሰው ሁሉ የሚነገር ምክንያት አገኘሁና ተደበቅኩበት። አሁን መብራት አጥፍተን የምንሠራበት ያ ክፍል ያስፈራኛል። የቀረችኝን ዓይን ይዤ አልገባም፣ ሰብለ።"

ከዚያ በኋላ ተመለሺ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። አባቷ ያሉኝን ግን ነገርኳት፤ በእሳቸው የተነሳ መስሏቸው እንደማይተኙ።

"እንደዚያ አለሽ?" በእጇ የነበረው ፍሬ ተበተነ። ተነሥታ ለአክስቷ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረችና ነጠላዋን አነሣች። "ነይ፣ እንሂድ።"

ያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

በረንዳው ላይ ከአባቷ እግር ሥር ተቀምጣ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። እኔ "ኢጃ" የምትለዋን ብቻ ለየሁ፤ ዓይን ማለት ናት። አባባ ሱልጣን አላቋረጧትም። ስትጨርስ ግራ ዓይኗን በሰፊ መዳፋቸው ሸፈኑና አንድ ነገር ጠየቋት። ራሷን ነቀነቀች፤ አይታዩኝም ማለቷ ነው። እጃቸውን ሳያነሡ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ ጠየቋት። ደግመው ፈቀቅ አሉ። ሦስተኛው ላይ "ኤዬ" አለች፣ አዎ።

ሽማግሌው እንባቸው እየወረደ ወደ እኔ ዞሩ።

"ከዚህ በኩል ታየኛለች" አሉኝ።

ተነሥቼ ግቢ ወጣሁ። ያ ቦታ የሁለቱ ብቻ ነበር።

እሑድ፣ መናኸሪያ

ራህማ ሸኘችኝ። ቦርሳዬን አልሰጥም ብላ ራሷ ተሸከመችው።

"ለትምህርት ቤቱ ንገሪያቸው" አለችኝ። "የሌዘሩ ጠረጴዛ ዙሪያውን መከለያ የለውም። ቀጥሎ የሚገባው ልጅ እንዳይጎዳ። ስሜን ጥሪ።"

"ከነገርኳቸው ሌዘሩን ያስቆሙታል፣ ራህማ። የእኔም ሥራ ይቆማል።"

"አውቃለሁ" አለች። "ስለዚህ እለምንሻለሁ እንጂ አላዝሽም።"

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ራሷን ወደ ጎን አዘንብላ እጇን አውለበለበች። እስከ አዲስ አበባ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ተኝቶ ነበር።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገብቼ ነገርኩ። ኃላፊው እስክጨርስ ሰሙኝ። "ለምን አልነገረችንም?" አሉና ለመልሱ ሳይጠብቁ አብረውኝ ወረዱ፤ በገዛ እጃቸው ሌዘሩን ከሶኬት ነቀሉት። መከለያው እስኪሠራ ማንም አይገባም አሉ። መቼ እንደሚሠራ አላወቁም።

ዕቃዬን ለመሰብሰብ ቆየሁ። የሌዘሩ ማቀዝቀዣ ሳያጉረመርም ክፍሉን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስልኬ ጠራ።

"ነገርሻቸው?" አለች ራህማ።

"ነገርኳቸው። ዘጉት።"

ከበስተጀርባዋ ሴቶች ይነጋገራሉ፤ ቡናው አልጋው ላይ ሲገላበጥ ሽው ይላል።

"ታዲያ አሁን ምን ትሠሪያለሽ?"

"እንጃ፣ ራህማ።"

ስልኩን ግን ሁለታችንም ሳንዘጋው ቆየን።