ጽዋውን ይዤ የወጣሁ ዕለት

ይህ የገጠመኝ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሞጣ እናቴ ዘንድ በመጣሁበት ሐምሌ ነው። ዓመታት ቢያልፉም የማርያም ማኅበር በተባለ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እንደ አዲስም ደስ ይለኛል።

ኑሮዬ ሩቅ ነው፤ አፋር ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። እዚያ የመሬት መንቀጥቀጥ ብርቅ አይደለም። ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግራቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ ከመሬት በታች ያረጁ ስንጥቆች አሉ። የስንጥቁ ግራና ቀኝ ተነካክሶ፣ እየተገፋፋ ብዙ ዘመን ይኖርና አንድ ቀን ሸርተት ይላል። ያን ጊዜ ምድር ትናወጣለች። ወዲያው ላይረጋ ስለሚችልም ሊደገም ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጋብ ሲል ከቤት መውጣት ነው።

ያን ዕለት የማኅበሩ ተራ የእናቴ ነበር። ቤታችን አያቴ የሠሩት የድንጋይና የጭቃ ቤት ነው። ማኅበርተኛው ዙሪያውን መደብ ላይ ተቀምጧል። ጽዋው ጠላ ተሞልቶ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መሀል ላይ ነው። የንስሐ አባታችን ጸሎት እንደ ጀመሩ ቤቱ ተንገጫገጨ። ብርሌዎቹ ተንኳኩ፤ ከጣሪያው አፈር ረገፈ። ከዚያ ጸጥ አለ።

እኔ ወደ ውጭ ሳይ፣ ጓሮ የነበሩት ሴቶች "እግዚኦ!" እያሉ ሮጠው ወደ ውስጥ ገቡ። በእኛ አገር መዓት ሲመጣ የሚሸሸው ጸሎት ወዳለበት ነውና። ሁሉም ተንበርክኮ ምሕላ ያዘ። ቀና ስል ከእናቴ ጀርባ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

ሊደገም ይችላልና እንውጣ አልኳቸው። አጎቴ ጋሽ ደሴ ሣቁብኝ።

"አፋር ድረስ ሄደሽ ፍርሃት ተምረሽ መጣሽ? ይኼ የቆላ ነገር ነው። ጎጃምን ደግሞ ማን ያነቃንቀዋል?"

የምድሩ ስንጥቅ ሩቅ ቢሆንም ንዝረቱ እንደሚጓዝ ላስረዳ ሞከርኩ። እናቴ ቀሚሴን ሳብ አድርጋ፣ "ጸሎት አታቋርጪ፤ ቁጭ በይ" አለችኝ። ለምኜ እንደማላስወጣቸው ገባኝ።

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ጽዋ ሲወጣ ተቀምጦ የሚቀር ማኅበርተኛ የለም። የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ተረክቦ ሲነሣ፣ ሽማግሌም ይሁን አሮጊት ተነሥቶ በእልልታ ይሸኘዋል። ሳይባረክ፣ ያለ ተራ መንካት ደግሞ ድፍረት ነው። አማተብኩ። "እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ" አልኩና ጽዋውን አንሥቼ ወጣሁ።

ጋሽ ደሴ፣ "ኧረ ይቺ ልጅ ጽዋውን ይዛው ሄደች!" ሲሉ ቤቱ ተነቃነቀ፤ በመንቀጥቀጥ ሳይሆን በሰው። ከኋላዬ የሚቆጣ አለ፤ የሚጸልይ አለ፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ ከልማድ የተነሣ እልል አሉ። ግቢውን አልፌ ሜዳው ላይ እስክደርስ ዞር አላልኩም። የመጨረሻዋ እናቴ ነበረች፤ ፊቷ ተቆጥቶ፣ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ።

አፏን ከፍታ ልትሰድበኝ ስትል ምድር እንደገና ተናወጠች። የተሰነጠቀው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደረመሰ፤ እናቴ ተቀምጣበት የነበረው መደብ ድንጋይ ሞላው። አንድም ሰው አልተጫረም። ከጽዋውም አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

የንስሐ አባታችን ቤቱን አዩ፤ እኔን አዩ። ሊገሥጹኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ጽዋ ያነሣ ይደግሳል" አሉ። "የሚቀጥለው ወር ተራ ያንቺ ነው።"

ጋሽ ደሴም ቀበል አድርገው፣ "ድንኳን ውስጥ ከሆነ እመጣለሁ። ከእንግዲህ ግድግዳ ተደግፌ አልጠጣም" አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ ሣቀ፤ እንባውን እየጠረገ።

የፍልሰታ ጾም እንደ ተፈታ ደገስኩ። አክስቴ ከቢቸና ጌሾ ላኩልኝ። ድንኳኑ ዝናብ ቢያፈስም ሰው ሞልቶ ነበር፤ ያልተጠራ ጎረቤት ሁሉ መጥቷል።

ግድግዳው ታድሷል፤ እኔም ዛሬ ድረስ አፋር ሆኜ የማኅበሩ አባል ነኝ። እናቴ ታሪኩን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትተርካለች። በእሷ አተራረክ ግን ስንጥቁን ቀድማ ያየችው፣ "ልጄ፣ ጽዋውን ይዘሽ ውጪ" ያለችኝም ራሷ ናት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ለመተረክ በሕይወት መቆየቷ ለእኔ ይበቃኛል።