የዛህራ ህንድኛ

ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ ሰፈር ውስጥ ዛህራ ህንድኛ እንደምታውቅ ያልሰማ አበሻ የለም። ያሰማችው እሷው ናት።

ድሬዳዋ ልጅ ሳለች አክስቷ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ለውዝ ትሸጥ ነበር። በር ጠባቂው ለውዝ ይወዳል፣ ዛህራ ፊልም ትወዳለች። በዚህ ተስማምተው አንዱን የህንድ ፊልም ዘጠኝ ጊዜ፣ ሌላውን አሥራ አራት ጊዜ አየችው። በልጅነታቸው የተጠፋፉ ወንድማማቾች በክንዳቸው ጠባሳ ሲተዋወቁ አብራ ጮኻለች፤ እናትየዋ ዓይኗ ሲበራ አብራ አልቅሳለች። ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን ካርቶን ስታሽግ ኖራለች፤ ህንድኛዋን ግን አላሸገችውም። ሰርግ ተጠርታ ሁለት መስመር ካላሰማች ምግቡ አይወርድላትም።

እንግዲህ አሚኒ የምትባል ህንዳዊት አሮጊት እዚያው እሷ ያለችበት ፎቅ ላይ ስትገባ ለዛህራ ሰርግና ምላሽ ሆነላት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል አድፍጣ ጠበቀቻት። መዳፏን አጋጥማ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ያላትን ምርጥ ህንድኛ ለቀቀችባት።

አሚኒ እርጥብ ካልሲ በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች። በኋላ በእንግሊዝኛ፣ «ይቅርታ፣ የየት አገር ቋንቋ ነው?» አለቻት።

ዛህራ ቤቷ ገብታ ለልጇ ለኢብቲሳም ደወለች። «ይቺ ሴትዮ ህንድ አይደለችም።»

«እማ፣ ሳሪ ለብሳለች አላልሽኝም?»

«ለብሳለች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ።»

ውሎ ሲያድር ነገሩ ተገለጠ። አሚኒ አገሯ ኬረላ ነው፤ ህንድ ወደ ደቡብ ሄዳ ሄዳ ባሕር ልትገባ ስትል ያለ የኮኮናት አገር። አፍ የፈታችው በማላያላም ነው። «ህንድኛ የሚባል ነገር የለም። ያንቺው ሂንዲ ነው፤ እሱም የሰሜኖቹ ነው። ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት አስተምረውኝ ሁለቱንም ዓመት ወድቄያለሁ» አለቻት። ዛህራ ይህን ስትሰማ ከኦሮምኛ በቀር አንዲት ቃል ሳትናገር ያለፈችው አያቷ ትዝ አለቻት። «ያንቺም አገር እንደኛው ነዋ!» አለችና ይቅርታ አደረገችላት።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ የጎደለውን በእጅ እየሞሉ ተጎራበቱ። የሚያኳርፋቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሚኒ ዛህራን «ቼቺ» ትላታለች፤ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። ዛህራ ደግሞ ታላቂቱ አሚኒ እንደሆነች በቁርኣን ትምላለች።

ባለፈው ሚያዝያ አሚኒ በር አንኳኩታ ገባች። የልጅ ልጇን አኑን አንድ የዴልሂ ልጅ ሊያገባት ነው። አኑ እናቷ የሞተችው በሦስት ዓመቷ ነው፤ ያሳደገቻት አሚኒ ናት። አሁን የልጁ እናት ሱሺላ ቤተሰቡን ለማየት ከዴልሂ መጥታለች፤ ከሂንዲ በቀር አታውቅም። ቅዳሜ ሻይ ትጠጣለች፣ ሰኞ ትመለሳለች።

«ቼቺ፣ አንቺ ታስተረጉሚልኛለሽ።»

ዛህራ «ቼቺ» የተባለችውን እንኳ ረሳችው። «ይህማ ምን ጥያቄ አለው!»

ኢብቲሳም ስትሰማ ጮኸች። «እማ፣ ያንቺ እኮ የፊልም ነው! ካንሰል አድርጊው። ልጁ ራሱ ለምን ትራንስሌት አያደርግም?»

«ሽማግሌ ተቀምጦ ሙሽራው ሲናገር የት አይተሻል? እሱ ያጣፍጣል እንጂ አያስተረጉምም። አሚኒም ይህንኑ ነው ያለችው።»

«ብታበላሺውስ?»

«ፊልም በምን ቋንቋ የሚሠራ መሰለሽ?»

እንዲህ ብላ ስልኩን ዘጋችው። ብቻዋን ስትሆን ግን ህንድኛዋን እንደ ሳጥን ከፍታ ፈተሸችው፤ ደነገጠችም። «ወንድሜን የገደልከው አንተ ነህ» አለ። «ያለ አንቺ አልኖርም» አለ። «ሽሹ፣ ፖሊስ መጣ» አለ። «ሻይ ልድገምሽ» ግን የለም። ፊልም ላይ ሻይ ደግሞ የጠጣ ሰው አይታ አታውቅም፤ ሻይ በተቀዳ ቁጥር አንድ ሰው መርዶ ይዞ ይገባል። ስለ ሰርግ ያላትም አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሙሽሮቹ ተቀምጠው፣ እሳቱ እየነደደ፣ በሩ ብርግድ ይልና አንዱ «ይህ ሰርግ አይደረግም!» ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ስታጥብ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ አፏ ላይ የምትመጣው ይህችው ሆነች። «ያ አላህ፣ እሷን ብቻ አርቅልኝ» እያለች ሰነበተች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱሺላ አሚኒ ቤት መጣች፤ ድምቡሽቡሽ ያለች፣ መንገድ ያደከማት ሴት። አኑና ልጁ ወደ ውጭ ተላኩ። አሚኒ ዛህራን ወደ ማብሰያ ክፍሉ ጎትታ፣ «ሌላው ቢቀር ቢቀር አንዲቷን ነገር አድርሺልኝ። እናት የላትም በያት። እንደ ልጇ ትያዝልኝ» አለቻት። ሻዩንም ቀዳች።

ዛህራ ሱሺላ ፊት ቀርባ «ዓይኔ አንቺን ሲፈልግ ኖረ» አለቻት። ሱሺላ ዞር ብላ ኋላዋን አየች። ሻዩን ስታቀብላት ደግሞ «ለአንቺ ስል መርዝም እጠጣለሁ» አለች። ሱሺላ ስኒው ውስጥ ተመለከተች።

«ምን አልሻት?» አለች አሚኒ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ነው ያልኳት።»

ሱሺላ ትንሽ ፉት ብላ ረጅም ንግግር ጀመረች። ዛህራ ከዚያ ሁሉ የያዘችው «ሻዲ» የሚለውን ነው፤ ሰርግ ማለት ነው። «ጁላይ» የሚለውን ማንም ይይዘዋል። ኮራ ብላ አስተረጎመች፤ «ሰርጉ በጁላይ መጨረሻ ይሁን ነው የምትለው።»

አሚኒ ከወንበሯ ተነሣች። «ጁላይ አይሆንም! ካርኪዳካም ነው። የዝናብ ወር። በእኛ አገር በዚያ ወር አይዳርም!»

«ቶሮንቶ ምን ዝናብ አለ ደግሞ?»

«ዝናቡ ባይመጣ ወሩ ይመጣል፣ ቼቺ።»

ይህንስ ዛህራ ተረዳችው፤ እነሱስ በረመዳን መቼ ይድራሉ? ግን «ወሩ አይመቸንም» በሂንዲ እንዴት ይባላል? አፏን ከፈተች። ሳምንቱን ሙሉ በሩ ላይ ስትጠብቅ የከረመችው ወጣች። እጇ ሳይቀር ብቻውን ተነሣ።

«ይህ ሰርግ አይደረግም!»

ሱሺላ ስኒዋን አስቀመጠች። ቦርሳዋን ከወለሉ አነሣች።

አሚኒ ሂንዲ ባታውቅም ቦርሳ ሲነሣ ታውቃለች። «ምን አልሻት?» አለች ቀስ ብላ። ዛህራ የአሚኒን ፊት አየች። ሃምሳ ዓመት የተኮራበት ህንድኛ የአንዲት እናት አልባ ልጅ ጎጆ ሊያፈርስ ነው።

ምንጣፉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እዚያ እንዳለች ግን የመጨረሻው ክፍል መጣላት፤ ሙሽራይቱ ከቤት ስትወጣ ያለው፣ አክስቷም ጭምር ለውዟን ትታ ገብታ የምታለቅስበት። በእያንዳንዱ ፊልም ያለ ነው። ቃሉ አንድም ሳይጎድል እንደነበረ ተቀምጧል። ዛህራ መዳፏን አጋጠመች፣ ወደ አሚኒ አመለከተች፣ ድምጿ እየተሰበረ አወጣችው፦

«እናት የላትም። የቤቴ መብራት እሷ ናት። ዛሬ መብራቴን እሰጥሻለሁ። ብታጠፋ ይቅር በያት፤ ብታለቅስ እቀፊያት።»

ሱሺላ ቦርሳውን ለቀቀች፣ የአሚኒን ሁለት እጆች ያዘች፣ መለሰችም። ዛህራ ደግሞ መልሱን ታውቀዋለች፤ አሥራ አራት ጊዜ ሰምታዋለች። ሱሺላ ስትናገር የዛህራም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፦ «ምራት አልወሰድኩም፤ ልጅ አገኘሁ።»

ይህንን ለአሚኒ ማስተርጎም አላስፈለገም። ሦስቱም ምንጣፉ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። የወሩ ነገር ልጆቹ ተጠርተው ሲገቡ በአንድ ደቂቃ አለቀ፤ ሰርጉ ለሴፕቴምበር ተቆረጠ። ልጁ ለእናቱ ያቺን «አይደረግም» እንዴት እንዳስረዳት ባይታወቅም፣ ሱሺላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ዛህራን ጠየቀቻት። ልጇም አስተረጎመ፤ «እንዲህ ያለ የድሮ ሂንዲ የት ተማሩ ትላለች።»

«ድሬዳዋ» አለች ዛህራ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ሱሺላ አሰበች። አገሯ ሰፊ ነው፤ የማታውቀው የህንድ ከተማ መዓት ነው። ልጁም ጠየቀላት፤ «ከሀይደራባድ በየት በኩል ነው ትላለች።»

ዛህራ «ህንድ አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የሱሺላን ፊት፣ ከኋላዋ ደግሞ የአሚኒን አየች።

«ባቡር መንገዱ ላይ ነው በላት» አለችው።