በሻርፕ የተቆራኙት ሁለቱ ደጋፊዎች

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልቁጠር፤ ኋላ «እኔም ነበርኩ» ባይ እንዳይበዛ። አንደኛ፣ የቤቱ ባለቤት ፀጉር አስተካካዩ፤ ወሬ ከጣመው ማሽኑን አጥፍቶ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ከፒያሳ ቅዳሜ ገበያ የሚመላለሰው የባጃጅ ሹፌር፤ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛ፣ ከጎን ያለው ልብስ ሰፊ፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩን ተደግፎ ቆሟል። አራተኛ፣ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪነት ጨርሰው ጡረታ የወጡት ጋሼ። አምስተኛ እኔ፤ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። ጥግ ላይ አፉን ከፍቶ የተኛ አንድ ደንበኛም ነበረ፤ ምንም ስላላየ አልቆጥረውም።

አምስታችንም የአንድ የእንግሊዝ ክለብ ደጋፊዎች ነን። ስሙን አልጽፍም፤ ሊስቁብን የሚፈልጉት ስሙን ሳልነግራቸውም ይስቃሉ። በዚያ ሳምንት ረቡዕ በሜዳችን አራት ለባዶ ተሸንፈን ነበር። በሜዳችን ስል እንግሊዝ አገር ያለውን ማለቴ ነው፤ ከመካከላችን በእግሩ የረገጠው የለም። ከሐሙስ ጀምሮ ፀጉር ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ልብስ ሰፊው አሰልጣኙ ዛሬውኑ ይባረር ባይ፣ ሹፌሩ ይቆይ ባይ ሆኑ። ፀጉር አስተካካዩ ማን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እያየ አቋሙን ይለዋውጣል።

ለሹፌሩ ግን ያ ቅዳሜ የኳስ ቀን አልነበረም። ከጎንደር በላይ ኮሶዬ የምትኖር አንዲት ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ሽማግሌ ቢልክ አባቷ «ልጁን በዓይኔ ሳላየው እሺም እምቢም አልልም። ቅዳሜ ለገበያ ስወርድ አየዋለሁ» ብለው መለሷቸው። እንግዲህ ነጭ ሸሚዙም የፀጉሩም ነገር ለዚህ ነው። ገና ሲገባ «ዛሬ ስለ ኳስ አታናግሩኝ፤ አማቼ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ» ብሎን ነበር።

«ገና ሳይሰጡህ አማቼ አልክ?» አለ ልብስ ሰፊው። «አሰልጣኙ ሰውየህም እንዲሁ ነው፤ ገና ሳይጫወት ዋንጫ ይቆጥራል።»

«አታናግረኝ አልኩህ።»

«እኔ መች አናገርኩህ? ስለ ሰውየህ ነው የማወራው።»

«ሰውየው ተከላካይ ግዙልኝ ብሎ ለመነ፤ አልገዙለትም። ምን ያድርግ?»

«አንተን ያሰልፍህ! ቢያንስ ባጃጅህን ጎሉ ላይ ታቆምለታለህ።»

«አንተ ሱሪ አጥብበህ ስትሰፋ ጥፋቱ የባለሱሪው ውፍረት ነው። ቡድን ሲሸነፍ ግን ጥፋቱ የአሰልጣኙ ብቻ!»

ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ ማሽኑን አጠፋ። በዚያን ጊዜ የሹፌሩ ፀጉር ግራ ጎን ተስተካክሎ፣ የቀኙ እንደ ነበረ ነው። ሹፌሩ ፎጣውን ወርውሮ ተነሣና የልብስ ሰፊውን ሜትር በአንድ ጫፍ ያዘ፤ ልብስ ሰፊው በሌላው ጫፍ ጎተተ። ማን ማንን ሊለካ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ጋሼ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መትተው «በሕግ አምላክ!» አሉ።

ቀጥ አልን። በዚህ አገር ይህን ቃል ሰምቶ እጁን የማይሰበስብ የለም።

«ድሮ ቢሆን» አሉ ጋሼ፣ «እንደናንተ የተካሰሱ ሰዎች በነጠላቸው ጫፍ ይቆራኙ ነበር። አብረው እየበሉ፣ አብረው እያደሩ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አይላቀቁም። ቋጠሮውን አስቀድሞ የፈታ ተረታ።»

ይህን ያሉት ለትምህርት ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የክለቡን ሻርፕ አውርዶ፣ የሹፌሩን ግራ እጅ ከልብስ ሰፊው ቀኝ እጅ ጋር አሰራቸው። ቅጣቱንም በዚያው ደነገገ፤ የፈታው ሰው ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ በዚህ ቤት ስለ ኳስ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሁለቱም በንቀት ሳቁና እጃቸውን ሰጡ። እያንዳንዱ ሌላው ቀድሞ እንደሚፈታ እርግጠኛ ነበር።

«ዳኛስ?» አልኩ።

«መንገደኛ ዳኛ ይሆናል» አሉ ጋሼ፤ «ያልወገነ እስከሆነ ድረስ።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጎንደር ውስጥ በዚህ ጉዳይ ያልወገነ ሰው አጣን። ማዶ ሱቁ በር ላይ የቆመው ሥጋ ሻጭ የባላንጣ ክለብ ደጋፊ ነው፤ ገና ጥያቄውን ሳንጨርስ «ይቆይ! ሃያ ዓመት ይቆይልን! እድሜውን ያርዝምልን!» እያለ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። መቋሚያ የያዘ ዲያቆን አስቆምን፤ እርሱስ ከዓለም የራቀ ነው ብለን። ዲያቆኑ ረጋ ብሎ ሰማንና «አሰልጣኙ ላይ አትፍረዱ፤ በረኛው ነው ኃጢአተኛው» ብሎን አለፈ።

ይህን ስናደርግ የሹፌሩ ስልክ ጮኸ። የልጅቷ አባት ናቸው። የተሳፈሩበት ሚኒባስ ከኮሶዬ በጠዋት ስለተነሣ ቅዳሜ ገበያ ደርሰዋል፤ ሽንኩርት ተራ ቁጭ ብለው እየጠበቁት ነው። ሹፌሩ ስልኩን ዘግቶ በመስተዋቱ ራሱን አየ። ግማሽ ፀጉር፣ የታሰረ እጅ፣ ከእጁ ማዶ ልብስ ሰፊ።

«ቀኙን ጨርስልኝ!»

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን ተጫነው፤ አልተነሣም። መብራት ሄዷል።

«ፍታው እንግዲህ» አለ ልብስ ሰፊው በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ። «ተረታሁ በልና እንደ ሰው ሂድ። አማት ትልቅ ነገር ነው።»

ሹፌሩ ቋጠሮውን አየ፣ ልብስ ሰፊውን አየ፣ ጥርሱን ነከሰ። «ተነሥ» አለው፤ «አብረን እንሄዳለን።»

ጋሼ ቁራኛ ያለ ጠባቂ አይሄድም ብለው ከኋላ ተሳፈሩ፤ እኔም እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም ብዬ ጠረጴዛዬን ቆልፌ ተከተልኩ። ባጃጅ ነድቶ የሚያውቅ ያውቃል፤ ማርሹ በግራ እጅ ነው። ልብስ ሰፊው በሹፌሩ መቀመጫ ጠርዝ ላይ በግራ በኩል ተለጥፏል፤ ሹፌሩ ማርሽ በለወጠ ቁጥር የልብስ ሰፊውም እጅ አብሮ ይጠመዘዛል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ልብስ ሰፊው በመንገዱ ዳር ለሚያውቀው ሁሉ በነፃ እጁ ሰላምታ እየሰጠ «ከዛሬ ጀምሮ በጋራ ነው የምንነዳው» ይል ነበር።

አባትዬው ሁለት ከረጢት ነጭ ሽንኩርት አጠገባቸው አቁመው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ፈጥኖ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ልብስ ሰፊውም ተጎትቶ አብሮ ወረደ፤ ያለው ምርጫ ሌላኛውን ጉልበት መሳም ብቻ ነበር።

ሽማግሌው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ።

«ሁለት ናችሁ እንዴ? ሽማግሌዎቹ አንድ ነው ያሉኝ።»

«እኔ ነኝ አያ» አለ ሹፌሩ።

«ፀጉርህን ምነው?»

«መብራት ጠፍቶ ነው አያ።»

«እጅህንስ?»

 የሹፌሩ ላብ ነጩን ሸሚዝ ጀርባው ላይ ለጥፎታል። ጋሼ ወደፊት ወጡና «ቁራኛ ናቸው፤ ያልወገነ ዳኛ አጥተን ነው» አሉ።

የሽማግሌው ፊት ሲበራ አየሁ። «ቁራኛ! አባቴ ሲያወራው እሰማ ነበር እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መካከል ተከሉ። በአገራቸው በወሰንም በከብትም የሚሸመግሉ ሰው ኖረዋል ለካ። «እስቲ ተናገሩ። ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ኳስ» አልን።

«ኳስ አላውቅም።»

«እንኳን አላወቁ!» አሉ ጋሼ፤ ያገኙትን ዳኛ ሊያቅፏቸው ምንም አልቀራቸው።

«ተከሳሹ ማነው?»

«አሰልጣኝ ነው አያ» አለ ልብስ ሰፊው። «ተጫዋቾቹን የሚያዝ።»

«እሱስ ይጫወታል?»

«አይጫወትም። ዳር ቆሞ ይጮሃል።»

«አሁን የት ነው?»

«እንግሊዝ አገር።»

«ያውቃችኋል?»

ተያየን። «አያውቀንም» አለ ሹፌሩ በዝግታ።

«ከእሱ በፊት ማን ነበር?»

«ሌላ ነበረ፤ አባረርነው።»

«ማን ናችሁ ያባረራችሁት?»

«እኛ።»

«ከዚህ ሆናችሁ?»

ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «ከዚያ በፊት የነበረውስ?» ሲሉ ልብስ ሰፊው «እሱንም» አለ፤ «ከዚያ በፊትስ?» ሲሉ «እሱንም» አለ፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፁ እየሳሳ መጣ። ጉዳዩ ለሹፌሩ እየቀናለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ሽማግሌው ፊታቸውን አጨማድደው ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «አንተስ? ሰውየው እየተሸነፈ፣ ምነው ትቆምለታለህ?»

ፊታቸው የተጨማደደው ፀሐዩ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ስለነበር ነው፤ እኔ ከጎን ስለነበርኩ አይቻለሁ። ሹፌሩ ግን ቁጣ መሰለው። ልጅቷ ከእጁ ስትወጣ ታየችው መሰለኝ። ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ አያ... እውነቱን ለመናገር... ቢባረርም ደግ ነው» አለ።

ከሐሙስ ጀምሮ «ይቆይ» ሲል ጉሮሮው የነቃው ሰው! ጋሼ ዱላቸውን ጣሉ። ከሁሉ የደነገጠው ግን ልብስ ሰፊው ነው። ከዚህ ሰው ጋር መስማማት ፈጽሞ አልለመደም፤ አፉ ሲከፈት የወጣው ሙግት ለራሱም እንግዳ ነበር።

«እንዴት ይባረራል!» አለ። «ተከላካይ ሳይገዙለት? ሦስቱ ዋና ተጫዋቾቹ ታመውበት? ሰው በጎደለ እጅ ሲሠራ ይባረራል? ይሄ ልጅ ስለ ሰውየው ስንት ቀን የተሟገተ ነው አያ፤ ዛሬ እርስዎን ፈርቶ ነው። እኔ አውቀዋለሁ፤ ግትር ነው፣ የያዘውን አይለቅም!»

«አንተ አልነበርክ ይባረር ያልከው?» አሉ ሽማግሌው።

«ነበርኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁን... ቆይ...» ልብስ ሰፊው ወደ ጋሼ ዞረ። «ጋሼ፣ እኔ የቱ ነኝ?»

ሴቶቹ ከዚህ በኋላ አልቻሉም። ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኟቸውና ሹፌሩን ጠጋ በል አሉት። ሁለቱም ተጠጉ።

«ለእኔ ብለህ ነው ሰውየውን የከዳኸው?»

ሹፌሩ መሬት መሬት እያየ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ «አዎ አያ» አለ። «ልጅዎን እንዳይከለክሉኝ ብዬ ነው። ሰውየው ግን መቆየት አለበት። ቢከለክሉኝም መቆየት አለበት።»

«አሁን ተናገርክ» አሉ ሽማግሌው።

ፍርዱንም ሰጡ። ተከሳሽ ባልቀረበበት አይፈረድም፤ ሰውየው ኮሶዬ መጥቶ ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ ባለበት ይቆያል። ቋጠሮውንም ሽማግሌው በገዛ እጃቸው ፈቱ፤ ፀጉር አስተካካዩ አጥብቆት ስለነበር በጥርሳቸውም ረዱት። ሻርፑን አጣጥፈው ለጋሼ ከሰጡ በኋላ ሹፌሩን «ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ» አሉት። ዱላቸውን ወደ ልብስ ሰፊው ቀሰሩና «ይህንንም ጨምርባቸው። የራሱን ክስ ጥሎ ለወዳጁ የሚሟገት ሽማግሌ ሸጋ ነው» አሉ።

ሹፌሩ ሁለተኛ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ልብስ ሰፊው ማንም ሳይጎትተው አብሮ ጎንበስ አለ።

ሰኞ ጠዋት አሰልጣኙ ተባረረ። ወሬው ኮሶዬ በምን በኩል እንደደረሰ አላውቅም፤ ሽማግሌው ሹፌሩ ጋ ደውለው «ሳይጠየቅ?» አሉ።

«ሳይጠየቅ፣ አያ።»

«ለካ በዚያ አገር ዳኛ የለም» ብለው ዘጉት።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተሠራ። የሙሽራውን ሱሪ የሰፋው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ጠበበ። ጥፋቱ የባለሱሪው ውፍረት እንደሆነም ተነገረው።

እኔ የጻፍኩት ከመስኮቴና ከባጃጁ የኋላ ወንበር የታየኝን ነው፤ የጎደለውን የነበራችሁ ሙሉት። ጋሼ፣ ሽማግሌው ሲሰናበቱ በጆሮዎ ሹክ ያሉዎት ነገር ነበር፤ ባይከብድዎ ይንገሩን። ሽንኩርት ተራ የነበራችሁ እናቶች፣ ሹፌሩ ዝም ብሎ መሬት ሲያይ ጀርባው ወደ እኔ ነበር፤ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሙሽሪት ሆይ፣ ካንቺ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ፤ አባትሽ ያን ቀን ማታ ሽንኩርታቸውን ሸጠው ቤት ሲገቡ፣ በሩ ላይ ቆመሽ ምን አዩ ብለሽ ስትጠይቂያቸው፣ መጀመሪያ ያሉሽ ቃል ምን ነበር?