ዘግይቶ የሚመታ እጅ

ዙኒልዳ የስፌት መኪናዋን አቁማ ጆሮዋን ወደ ኋለኛው ክፍል ጣለች። ልጇ ራዳሜስ ኳሷ ልትወረወር ስትል ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ቁልፉ ጠቅ ሲል ይሰማል። ከዚያ እርግማኑ ይከተላል።

"ዘገየች! አሁንም ዘገየች! እማዬ፣ ይቺ እጅ ሞታለች እኮ!"

"አፍህን በመልካም ክፈት። ቀስ እያለች ትመለሳለች።"

"እሷ ቀስ ስትል ኳሷ ሳንቲያጎ ከተማ ገብታ ምሳዋን ትበላለች።"

ዙኒልዳ ሳቀች። መርፌው ሥር ያለውን ሰማያዊ የተማሪ ሸሚዝ አስተካከለችና የሚቀጥለውን እርግማን ላለመስማት መኪናዋን እንደገና አስነሣች።

ራዳሜስ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። በከተማቸው በሞካ ጎዳናዎች ሰው በሞተር እያመላለሰ ይኖር ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በሰፈሩ ሜዳ ቤዝቦል ይጫወታል። ዱላውን ሲያወዛውዝ አይቶ የማያጨበጭብ አልነበረም። በኅዳር ወር ሙዝ የጫነ መኪና ከነሞተሩ ጠረገው። ዳሌው በብረት ተያያዘ፤ የቀኝ እጁ ነርቭ ተበጥሶ ተሰፋ። ነፍሱን ግን እግዚአብሔር አተረፈለት፤ ዙኒልዳ ለዚህ ሳታመሰግን የዋለችበት ቀን የለም።

በጥር መጨረሻ የኳስ ጓደኞቹ አዋጥተው በእጅ የምትያዝ ጌም አመጡለት፤ ግራና ቀኝ መያዣ ያላት፣ መካከሏ ስክሪን የሆነች። ጌሙ ራሱ የሚሠራው ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር በተቀመጠው ትልቁ ማጫወቻ ላይ ነው። ይቺ ትንሿ ምስሉን በቤቱ ዋይፋይ ስባ አልጋው ድረስ ታመጣለታለች፤ እሱ የሚጫነውንም በዚያው መልሳ ትወስዳለች። ቀና ብሎ መቀመጥ ለማይችል ሰው ትልቅ ነገር ነው። በየቅዳሜው ቤት ድረስ እየመጣች እጁን የምታሠራው ባለሙያ ቤልኪስም ስታያት ደስ አላት። "ቤዝቦሉን ተጫወት" አለችው። "ጣት የሚነቃው የሚወደውን ሥራ ሲያገኝ ነው።" ስለዚህ ጨዋታው መድኃኒት ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት፣ መብራት ባለበት ሰዓት ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት።

ዕቃዋ የመጣች ቀን ራዳሜስ እናቱን አስጠንቅቋት ነበር። "ፓስወርዱን ለማንም እንዳትሰጪ። ይቺ ነገር ዋይፋዩን ለብቻዋ ካላገኘች አትሠራም።"

ነገሩ ግን ያን ጊዜ ካለፈ ሰንብቶ ነበር። ራዳሜስ ሆስፒታል በተኛባቸው ሦስት ሳምንታት በቤታቸው ጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ጎረቤት ሴቶች በየተራ ሾርባ አመላልሰውላታል፤ ቤቷን ጠርገውላታል። አበልጇ ኑሪስ፣ የራዳሜስ የክርስትና እናት፣ የቀሩትን ሸሚዞች ቁልፍ አንድ በአንድ ተክላ ጨርሳላታለች። ያቺው ኑሪስ አንድ ቀን፣ "ጌታ ነፍሱን በሰጠባት በዘጠኝ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን የምሕረት ጸሎት በስልክ ያስተላልፋሉ አሉ፤ የእኔ ካርድ ደግሞ አልቋል" አለቻት። ዙኒልዳ ጎረቤት ስኳር ሲጠይቅ እንደሚሰጥ ሰው ፓስወርዱን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። ኑሪስ ለጎረቤቷ ለሲቢላ ሰጠች። ሲቢላ ለእህቶቿ፣ እህቶቿ ለልጆቻቸው። ጾሙ ሲገባ በዚያ መተላለፊያ ፓስወርዱን የማያውቁት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ።

ራዳሜስ መጫወት በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ምስሉ ቀጥ እያለ፣ እየተሰባበረ አስቸገረው። ጠራት።

"እማዬ፣ ፓስወርዱን ለሰው ሰጥተሻል እንዴ?"

"ለማን እሰጣለሁ?"

"ለማንም?"

"ለማንም።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ልትመልሰው ስትል ልጇ ቀደማት። "እሺ፣ አንቺ ካልሽ አለቀ" አለና ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ የምስሉን ጥራት የመጨረሻው ዝቅታ ላይ አወረደው። ምስሉ መቆሙን ተወ፤ ኳሷም ያለ እንቅፋት መምጣት ጀመረች። የቀረችው አንዲት ቅንጣት መዘግየት ነበረች፤ ቁልፉ ሲጫንና ዱላው ሲወዛወዝ መካከል የምትገባ፣ ለዐይን የማትታይ። እሷን ራዳሜስ በእጁ አሳበበ።

በአራተኛው የጾም ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ትምህርት ዝግ ስለነበር ሴቶቹ ልጆቻቸውን ሁሉ ይዘው በአውቶቡስ ወደ ኢጉዌይ፣ እመቤታችንን ሊሳለሙ ሄዱ። ዙኒልዳ ልጇን ትታ መሄድ ስላልቻለች ቀረች። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ እንደ ሌላ ቀን "መጣ! መጣ!" ብሎ የሚጮህ እንኳ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ከኋለኛው ክፍል ለምዳ የማታውቀው ድምፅ ተሰማት፤ ጌሙ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሆ ብሎ ሲጮህ።

"እማዬ! ነይ፣ ነይ እይ!"

ሮጣ ገባች። ራዳሜስ ትራሱ ላይ ቀና ብሏል፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

"ሦስት ኳስ ከአጥር ውጭ! በተከታታይ! ኳሷን ከወርዋሪው እጅ ሳትወጣ ነው የማያት። እጄ ነቃች እማዬ፣ ጸሎትሽ ደረሰ!"

ግንባሩን ሳመችው። ወደ ሳሎን ስትመለስ ግን ዐይኗ የዋይፋዩ ሳጥን ላይ ዐረፈ። በእጇ የሠራችው የዳንቴል ልብስ ለብሶ ከፍሪጁ አናት ላይ ተቀምጧል። ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት መብራቶቹ እንደ ደነገጠ ሰው ዐይን ይርገበገባሉ። ዛሬ አንዷ ብቻ ረጋ ብላ ትጠቅሳለች። ዙኒልዳ ፍሪጁን ተደግፋ ቆመች። ትምህርት ቤት የጨረሰች ሴት አይደለችም፤ ይህን ለመረዳት ግን ትምህርት አላስፈለጋትም።

ሴቶቹ በማግስቱ ጠበል ይዘው ተመለሱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኮቹ ሁሉ ተከፈቱ፤ የራዳሜስም እጅ "ሞተች"። በዚያን ቀን አልተራገመም። ጌሟን ብርድ ልብሱ ላይ አኑሮ ጣሪያውን ሲያይ ቆየ።

"ቅዳሜ ቤልኪስ ስትመጣ ከእንግዲህ እንዳትደክም እነግራታለሁ። ይበቃኛል።"

"ትናንት እኮ..."

"ትናንት እጄ ስትሰናበተኝ ነው። ሰው ሊሞት ሲል ይሻለው የለ?"

"ምናልባት ዋይፋዩ ይሆናል፣ ልጄ።"

"ዋይፋዩን ጠይቄሽ ነበር። ከእኛ በቀር ማንም የለበትም አልሽኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እጠራጠር ነበር። አንቺ ግን ዋሽተሽኝ አታውቂም።"

ዙኒልዳ መቁጠሪያዋን ይዛ ጓሮ ወጣች፤ ጣቷ ግን ከመጀመሪያዋ ዶቃ አላለፈም።

ዓርብ ጧት ኑሪስ ዘንድ ሄደች። ኑሪስ ትልቁን ድስት ጥዳ ወተት በማይከለክለው በካቶሊኮች ጾም የሚሠራውን ጣፋጭ ባቄላ በወተትና በኮኮናት ታማስላለች። ሰሞኑን ከዚያ ድስት ያልደረሰው ቤት የለም።

"አበልጄ፣ ፊትሽ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆኗል። ምን አገኘሽ?"

ዙኒልዳ ሳታስቀር ነገረቻት። ኑሪስ ማማሰያዋን አቆመች።

"አንቺ? በጾም? እኔ እንኳ በጾም የምዋሸው ስለ ዕድሜዬ ብቻ ነው።"

"አትቀልጂብኝ፣ ኑሪስ። ሕክምናውን ሊተው ነው።"

"እሺ፣ እሺ። ቀላል ነገር ነው። ሴቶቹን እኔ እነግራቸዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እሱ በሚጫወትበት ሰዓት አንድም ሰው ዋይፋይሽን አይነካም። ልጁ እጄ ዳነች ይላል፣ እኛም ተአምር ነው ብለን እናመሰግናለን። ማን ይጎዳል?"

ለአንድ አፍታ ነገሩ ዙኒልዳን ጣፈጣት። ልጇ ሲስቅ፣ ሴቶቹ ሲያመሰግኑ ታያት። እሷም ምንም ሳትናገር ታልፋለች። ከዚያ ግን ያ ሁሉ ምስጋና ወዴት እንደሚወጣ አሰበች፤ እግዚአብሔር ላላደረገው ነገር፣ በእሷ ውሸት ላይ ቆሞ የሚወጣ ምስጋና።

"እሱ ይጎዳል" አለች። "የሲቢላ ልጅ ተደብቆ ስልኩን በከፈተ ቁጥር የልጄ እጅ ልትሞት፣ በዘጋ ቁጥር ልትነሣ ነው? እኔስ በየቀኑ አብሬው ተአምር ልል?"

ኑሪስ ድስቱን ከእሳቱ አወረደች።

"አብሬሽ ልምጣ? የእኔም እጅ አለበት።"

"ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁትም እኔ።"

"እንግዲያው ይህን ይዘሽ ግቢ" አለችና ባቄላውን በሳህን ቀዳችላት። "የክርስትና ልጄን ዐውቀዋለሁ፤ ሆዱ ባዶ ሆኖ ሲቆጣ አይቻልም።"

ራዳሜስ መብራት እስኪመጣ እየጠበቀ ነበር። ሳህኑን ከጎኑ አስቀመጠችለት፤ አልተቀመጠችም። እንደ ቆመች ነገረችው፤ መጀመሪያ ፓስወርዱን፣ ቀጥሎ ውሸቱን፣ በመጨረሻ ረቡዕ ያየችውን።

ራዳሜስ ሳህኑን ገፋ አደረገው።

"ለስንት ሰው?"

"እኔ ለአንዲት ሴት። አሁን ግን... አሥራ አምስት ቤት ይሆናል።"

"አምስት ሳምንት ሙሉ፣ እኔ እጄን ስረግም፣ አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ሸሚዝ ትሰፊያለሽ።"

"አዎ።"

"ትሰሚኝ ነበር?"

"እያንዳንዱን ቃል።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዙኒልዳ አንዴ ይቅር በለኝ አለችው፤ ደግማ አላለችም። ደጋግማ ብትለምነው እሱ ተነሥቶ እሷን ማጽናናት ግድ እንዳይሆንበት ፈራች። ሳህኑ ላይ ያለው ባቄላ ቀዘቀዘ።

ከውጭ "መጣ! መጣ!" ተባለ። ራዳሜስ ሳይዞር ግራ እጁን ዘረጋ።

"ስልኬን አቀብይኝ።"

በአውራ ጣቱ ፓስወርዱን ቀየረው። ደቂቃ ሳይሞላ መተላለፊያው ተንጫጫ። አንዷ በአጥር በኩል ጮኸች፦ "ዙኒልዳ! ኧረ ዋይፋዩ ሄደ!"

ራዳሜስ አሁን ዞሮ አያት። "ትመልሺላቸዋለሽ ወይስ እኔ ልመልስ?"

በሩ ላይ ወጥታ ቆመች። ሾርባ ያመጡላት፣ ቤቷን የጠረጉላት ሴቶች በየበራቸው ስልክ ይዘው ቆመዋል።

"ዘግተነዋል" አለች። "ለልጄ እጅ ነው። ከመጀመሪያው መስጠት አልነበረብኝም።"

"በጸሎት ሰዓት?" አለች ሲቢላ።

"በጸሎት ሰዓት።"

ኑሪስ ከማዶ ማማሰያዋን አነሣች። "ምን ታፈጣላችሁ? ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ እግር የላችሁም? ኑ፣ ተነሡ!" አለች። እያጉረመረሙ ተነሡ። ሲቢላ ዙኒልዳን ዘወር ብላ ሳታያት አለፈች።

ስትመለስ ራዳሜስ ጌሟን ይዟል። አጠገቡ እንድትቀመጥ በአገጩ አመለከታት። የመጀመሪያዋ ኳስ መጣች፤ ሰነዘረ፤ ዘገየ። ዙኒልዳ እርግማኑን ጠበቀች። እሱ ግን ስክሪኑን ትቶ ጣቶቹን ቀና አጠፍ እያደረገ ተመለከታቸው።

"ይቺ መዘግየት የእኔ ናት" አለ ቀስ ብሎ።

ሁለተኛዋንም ሳታት። ሦስተኛዋን መታትና ወደ ሜዳው ዳር ወጣች። ከአሥር ኳስ አራት መታ። በስድስቱ ዘገየ፤ በእያንዳንዱም "የእኔ" ይላል፤ እንደ በፊቱ አልተራገመም። ዙኒልዳ ከአምስት ሳምንት በኋላ ልጇ የራሱን እጅ በትክክል እያየ መሆኑ ገባት። እጁ አልዳነችም፤ አልሞተችምም። እሷ ግን ይህን እንዳያውቅ ከልክላው ኖራለች።

"ገና ተቆጥቻለሁ" አለ፣ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

"ዐውቃለሁ።"

"ቤልኪስ ጋ ደውይ። ነገ ጧት አትምጣ፤ መብራት ሲኖር ትምጣና ስጫወት ትየኝ። በስድስቱ ምን እንደምናደርግ ትንገረኝ።"

ሳሎን ሄዳ ደወለች።

"ዶኛ ዙኒልዳ፣ ደህና ነዎት? እጁ እንዴት ዋለች?"

"ከአሥሩ ስድስቱን ትዘገያለች።"

"ማን ቆጠረ?"

"እሱ ራሱ።"

"እሰይ! እስከ ዛሬ 'ምንም የለም' ነበር የሚለኝ። በስምንት ሰዓት እደርሳለሁ።"

እዚህ ላይ ስልኩን ብትዘጋ የሚጠይቃት አልነበረም። ዙኒልዳ ግን ቤልኪስ በየቅዳሜው ልጇ ያላትን ይዛ ደብተሯ ላይ "ለውጥ የለም" ብላ ስትጽፍ አጠገቧ ቆማ ታይ ነበር። ከፍሪጁ አናት ላይ ዳንቴሉን አነሣችና በጣቶቿ እያጠፈች፣ "አንድ ጊዜ፣ ልጄ፣ አትዝጊው" አለች። "ደብተርሽ ላይ የምታስተካክዪው ነገር አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው።" ከዚያም ከቁራጭ ወረቀቷ ጀምራ ነገረቻት።