ከሰማይ የታየ ዳስ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ካርታ» እላለሁ፤ ይበቃቸዋል። አትላንታ አጠገብ ኖርክሮስ ውስጥ ከአንድ የጎማ መጋዘን በላይ ባለ ኦፊስ ተቀምጬ ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ አያለሁ። ኮምፒውተሩ ቀድሞ ምልክት ያደርጋል፤ ይሄ ቤት፣ ይሄ መኪና፣ ይሄ ድንኳን ይላል። እኔ ልክ ነው ወይም ተሳስቷል እላለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣልን የድንጋይ ካባ፣ እየሸሸ ያለ ሐይቅ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ነው። ደንበኛው ማን እንደሆነ አይነገረንም። እኔም አልጠይቅም ነበር። ምን አገባኝ፣ በሰዓቴ ገብቼ በሰዓቴ እወጣለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን አገሬ መጣብኝ። ፎቶው ላይ የቦታ ስም የለም። ስም ምን ያደርግልኛል! ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን ዛፍ፣ ከሥሩ አውድማ፣ ከዚያ ወዲያ ያ ጠምዛዛ ወንዝ። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ያደግኩበት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ረጅም ዳስ ተጥሏል፣ በዙሪያው ሰው አለ። ሰው ከዚያ ከፍታ ሲታይ ነጥብ ነው፤ ሰው መሆኑን የሚናገረው ጥላው ነው። ነጥቦቹ ብዙ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ዳሱን በቀይ ከቦ «የታጣቂ ሰፈር ሊሆን ይችላል» ብሎ ጽፎበታል።

በቀይ የተከበበ ነገር ወዴት እንደሚሄድ የነገረኝ የለም፣ ግን ሕፃን አይደለሁም። የመከላከያ ሥራም እንደምንይዝ ስቀጠር ሳይን ያደረግኩት ወረቀት ላይ ተጽፏል። «ሲቪል» ብዬ ላልፈው ስል ኮምፒውተሩ ምክንያት ጻፊ አለኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? ሰርግ ነው? ለቅሶ ነው? እኔ ልጅ ሆኜ የወጣሁ ሰው፣ ከሰማይ ሆኜ በምን ልለየው? የተጠራጠርነውን ፎቶ እስከ ማግስቱ ማቆየት ስለሚፈቀድ አቆየሁት።

ከሥራ ስወጣ አብረውኝ የሚኖሩትን አክስቴን ዶራቪል ካለው የአትክልት ሱቅ ይዣቸው ተመለስኩ። መንገድ ላይ፣ ምነው አፌን በቆረጠው፣ ጠየቅኳቸው።

«አክስቴ፣ አገር ቤት ዳስ ከሩቅ ሲያዩ የሰርግ ይሁን የለቅሶ በምን ይለያሉ?»

የያዙት ጎመን ከጭናቸው ወደቀ። «ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም!»

«በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ አትሸንግይኝ! መርዶ ይዘሻል። ወንድሜ ነው? ወይኔ ወንድሜን!»

ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኛ ሰው መርዶ ሲያረዳ እንዲሁ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ አይደል የሚጀምረው? አገሩም ሰላም አይደለም። ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ ያሉበት አካባቢ ስልክ ከተቋረጠ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። መኪናውን ዳር አውጥቼ ፓርክ አደረግኩና ማልኩላቸው። ለምን እንደጠየቅኩ ግን መናገር አልችልም፤ ፈርሜያለሁ። እሳቸውም መሐላዬን አላመኑም። እኔም ፈራሁ፤ ያ ዳስ የአጎቴ እንዳልሆነ ምን አውቄ ነው የምምለው?

ቆይተው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ተቆጡኝ። «አሁን ይሄ ጥያቄ ነው? በሁዳዴ ምን ሰርግ አለ! በጾም የተጣለ ዳስ የለቅሶ ነው። ሰዉም በየቀኑ እየበዛ ይሄዳል፤ የሩቁ ዘመድ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነው የሚደርስ።»

በማግስቱ አዲስ ፎቶ ጠበቀኝ። ነጥቦቹ እጥፍ ሆነዋል። ኮምፒውተሩ «ኃይል እየተጨመረ ነው» ብሏል። የምን ኃይል! ዘመድ እየደረሰ ነው እንጂ። «ለቅሶ ነው፣ ወቅቱ ጾም ነው፣ ሰው የሚበዛው ለዚህ ነው» ብዬ ጽፌ ላክሁ።

ሱፐርቫይዘሬ ወዲያው መጣች። ወጣት አሜሪካዊት ናት፣ ክፋት የለባትም። «በምን አወቅሽ?» አለችኝ። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ከሥራው ይነሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ካልነገርኳት ደግሞ ማን ያምነኛል? ከተነሳሁ ያ ዳስ ሰርግና ለቅሶ በማይለይ ሰው እጅ ይወድቃል።

«የተወለድኩበት አካባቢ ነው» አልኳት።

«መሣሪያ የያዘ ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ነሽ?»

ምን ልበላት? የእኛ ገበሬ ለቅሶ ሲሄድ ጠመንጃውን ቤቱ ጥሎ ይሄዳል?

«እርግጠኛ ነኝ።» ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ፊቴን ትንሽ አየችና ቀዩን አጠፋችው። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ተመስገን አልኩ፣ አለቀስኩም። ከእንግዲህ ወደ ድንጋይ ካባዬ ይመልሱኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሐሙስ ጠዋት ሱፐርቫይዘሬ እየሳቀች መጣች። «አንቺን የመሰለ ሰው ነበር ስንፈልግ የከረምነው» አለችኝ። ስክሪኔን ስከፍት ከወንዙ እስከ ተራራው ያለው አገር በሙሉ ተዘርግቷል፣ ያገኙት ድንኳን ሁሉ በቀይ ተከቧል። የለቅሶውን ከሌላው የምለየው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ነው የገባሁበት የገባኝ። አንዱን ለቅሶ ነው ስል ሌላውን አይደለም ማለትም ሥራዬ ሆኖ አረፈው።

የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ጫካ ዳር ስድስት ድንኳኖች ተደርድረዋል። በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን የለም፣ መንደር የለም፣ ዘመድ የሚመጣበት መንገድም የለም። ሴት የምትመስል ጥላ ፈልጌ አጣሁ። ምን እንደሆነ አወቅኩ፤ የታጣቂ ሰፈር ነው። እነማን እንደሆኑ ግን አላወቅኩም። አብረውኝ ጥጃ የጠበቁ ልጆች ልጆች ይሆናሉ። ወይም ነገ ወደዚያ ዳስ ወርደው ለቀስተኛውን የሚፈጁ ይሆናሉ። ብናገር እነዚህ ያልቃሉ፤ ብደብቅ እነዚያ ያልቁ ይሆናል። ከአትላንታ ወንበር ላይ ሆኜ ይሄን የምወስን እኔ ማን ነኝ?

ሱፐርቫይዘሬ ከኋላዬ ቆማ ትጠብቃለች። «ይሄስ? ለቅሶ ነው?»

«ለቅሶ ነው» አልኳት።

አመነችኝ። ቀዩን አጠፋችና ቀጣዩን ከፈተችልኝ።