«ገባ!» የተባለለት ትከሻ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ናሆም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ሊበላ እኔ ዘንድ መጣ። እዚሁ ዲላ ጤና ይማራል። ልጁ አፉ አያርፍም፤ የተማረውን ሁሉ ሰው ላይ ካላራገፈ እንቅልፍ አይወስደውም። ቆጮውን በጎመን እየጠቀለለ፣ «አክስቴ፣ በዚህ ሳምንት ምን እንደተማርን ታውቂያለሽ? ለካንሰር ታማሚ ማሳጅ እንዴት እንደሚሰጥ!» አለኝ።

«ለዚህም ትምህርት አለው ደግሞ?» አልኩት እየሳቅሁ።

«እንዴታ! ድሮ ጭራሽ አይነካም ይባል ነበር አሉ። አሁን ግን በጥንቃቄ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንቅልፍ ይሰጠዋል፣ ጭንቀቱን ያቀልለታል። ዋናው ነገር አለመጫን ነው። በተለይ በሽታው ወደ አጥንት ከሄደ፣ አጥንቱ እኮ ብስኩት ነው አክስቴ! ትንሽ ጠምዘዝ ካደረግሽው…» ብሎ ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ የሚሰበር ነገር አሳየኝ። በአፉም «ቀጭ» አለ።

ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ። ውሃው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልጁ በአፉ ያስመሰለውን እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ኮንጋ፣ አባቴ ቤት ውስጥ፣ ቀን በብርሃን፣ ሰው ሁሉ እልል ሲል።

እኔና ወንድሜ ታደለ የተወለድነው እዚያው ኮንጋ ነው፣ ከይርጋጨፌ ብዙም የማይርቅ የቡና ቀበሌ። አባባ ቡና ገበሬ ነበር። ረጅም፣ ሰፊ፣ ድምፁ ከእንሰቱ ማዶ የሚሰማ ሰው። ሰላም ሲል እንኳ ትከሻ ገጭቶ ያንገዳግዳል። ልጅ አቅፎ መሳም አያውቅበትም፤ ፍቅሩ ሁሉ በጉልበት ነው። ሲቆጣ ይመታል፣ ሲደሰት ጀርባ ይደልቃል፤ ልዩነቱን የምናውቀው ፊቱን አይተን ነበር።

የሚለሰልስበት ጊዜ ቢኖር ሲመርቅ ነው። ያን ጊዜ ድምፁ ይወርዳል፣ ቀኝ እጁን ራሳችን ላይ ያሳርፋል፣ በጌዴኦ ቋንቋ ቀስ እያለ ይናገራል። ለፈተና ስንሄድም፣ መንገድ ስንወጣም እንንበረከክ ነበር። የመጨረሻው ምርቃት ግን ሌላ ነው። አባት መሞቻው ሲደርስ ላስታመመው ልጅ የሚሰጠው ነው፣ ዕድሜ ልክ የሚያዝ ስንቅ። «እሱ እኮ የተመረቀ ነው» እየተባለ እስኪያረጅ ድረስ ይነሣለታል። አባባ ሲታመም ከሁሉ አስቀድሜ የፈለግሁት ያንን ነበር። መሬቱን ታደለ ይውሰደው፤ እሱ ግድ አልሰጠኝም። ያን ለስላሳ ድምፅ ለእኔ ብቻ ሲያወጣው መስማት ነበር የፈለግሁት።

ሕመሙ ከቀኝ ትከሻው ጀመረ። ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «እንሰት ሲነቅል ወልቆበት ነው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ ብርድ ነው» ይላል። ሽንቱም ያስቸግረው ነበር፤ እሱን ግን ሞቶ ነው የሚናገረው! ልብሱ እየሰፋው ሲሄድ ወደ አዲስ አበባ ልውሰደው አልኩ። ታደለ ያኔ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበረ ሞያሌ ይሁን መተማ አይታወቅም። ዲላ የምማረውን አቋርጬ አባቴን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ሆስፒታል ገብቼ አላውቅም።

ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ነቀርሳ ነው፤ ከፕሮስቴት ተነሥቶ አጥንት ውስጥ ገብቷል፤ ትከሻውንም የክንዱንም አጥንት በልቶታል። ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ደረቅ ያለች ሴት ነበረች፣ አላባበለችኝም።

«ቤት ስትመለሱ ትከሻዬን እሺኝ ማለቱ አይቀርም» አለችኝ።

«ይለኛል እንጂ! አሁንም ሥራው እሱ ነው።»

«እንግዲያው ስሚኝ። አትንኪው አልልሽም፤ ሰው ሲነካው ደስ ይለዋል፣ ያስፈልገዋልም። ግን መዳበስ እንጂ ማሸት የለም። ትከሻውንና ክንዱን እንዳትጫኚ፣ እንዳትስቢ፣ እንዳትጠመዝዢ፤ ይሰበራል። ሌላውን ገላውን፣ እግሩን፣ መዳፉን፣ ራሱን፣ የዓይንሽን ቆብ በምትነኪበት ኃይል ብቻ። ያበጠና የበለዘ ቦታ ካየሽ አትድረሺበት። አመመኝ ካለ ወዲያው እጅሽን አንሺ።»

እጄን ይዛ በራሴ ዓይን ቆብ ላይ አስሞከረችኝ። «ከዚህ በላይ ከተጫንሽ በዝቷል» አለች። ዓይኔን ጨፍኜ፣ የራሴን እንባ እየዳበስኩ፣ እዚያው ኮሪደር ላይ ተማርኩት።

ወደ ቤት የተመለስነው በጥቅምት ነበር። ዝናቡ ሊያበቃ እየተንጠባጠበ፣ መንገዱ ቀይ ጭቃ፣ የቡናው ፍሬ መቅላት የጀመረበት ጊዜ። አለታ ጩኮ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አናናስ ገዛሁለት። ጭማቂው በአገጩ እየወረደ በግራ እጁ በላ፤ «ታዲያ ሐኪሙ ምን አለሽ?» አለኝ። «መድኃኒቱን ውሰድ ነው ያለው አባባ» አልኩ። ዓይኔን አየኝ፣ ከዚያ አናናሱን ጨረሰ።

እናቴን ጓሮ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ለእሱ ነገርሽው?» ብላ ነው። አልነገርኩትም አልኳት።

«በይ እንዳትነግሪው! ስሙን ከሰማ በዚያው ይሞታል። እኛ የጌታ ሰዎች ነን፣ ያ ስም በዚህ ቤት ውስጥ አይጠራም።» እጄን ይዛ ቃል አስገባችኝ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን ስል ግን ጥርሴን ነክሼ ነው።

በል እንግዲህ! አባቴ የታመመውን አያውቅም፣ እኔ ደግሞ ለምን እንደማልጫነው ልነግረው አልችልም። ቅቤ አሙቄ እግሩ ሥር እቀመጣለሁ። ተረከዙ ከመሰንጠቁ የተነሣ ቅቤውን እንደ መሬት ይጠጣዋል። ቀስ እያልኩ ከጣቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እዳብሰዋለሁ።

«ምንድን ነው የምታደርጊው?»

«እያሸሁህ ነዋ አባባ።»

«ይሄ ማሸት ነው? ድመት ነኝ እንዴ የምትደባብሽኝ? ጫን በይ! ትከሻዬ ላይ ነይ!»

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ሐኪሙ ጉልበትሽንም ቀማሽ?»

የጸሎት ቡድን ሴቶች ሊጠይቁት ሲመጡ በእኔ ላይ ያስቃቸው ነበር። መጀመሪያ ቀልድ ነው፤ እየቆየ ግን መረረ። ጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ እኔ ቅቤ በእጄ ይዤ አጠገቡ ተቀምጬ፣ «ልጄ ዲላ ሄዳ ተምራ መጣችና ገላዬን ተጸየፈች። በጣቷ ጫፍ ነው የምትነካኝ፣ አያችሁ?» ይላቸዋል። እነሱም እጄን ያዩታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! አንዳንድ ጊዜ እግሩን ስዳብሰው ሳያስበው ያንቀላፋል፣ አፉ ከፈት ይላል፣ ግንባሩ ይፈታል። ያኔ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሲነቃ ግን «ምንም ሳትሠሪ አስተኛሽኝ» ብሎ ይቆጣኛል።

ታደለ የመጣው ቡና ለቀማው በደራበት ሰሞን ነው። ጥሩንባውን ከታች ጀምሮ እየነፋ፣ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ፣ ክንዱ የእኔን ጭን የሚያህል። አባባ ሲያየው አለቀሰ፤ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ወንድሜን በሩ ላይ ያዝኩትና በጆሮው ነገርኩት። «በሽታው አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ክንዱን እንዳትነካው፣ ይሰበራል!»

«እማዬ ብርድ ነው አለችኝ እኮ» አለኝ። «አንቺ ደግሞ ሰው ሳይሞት ትቀብሪያለሽ።»

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከአምልኮ መልስ ቤቱ በሰው ሞላ። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን አስወለቀ፣ ታደለም እጁን በቅቤ ነከረ። ጀርባውን ጀመረለት። በጉልበቱ ደግፎ፣ በክርኑ እየዳመጠ። የአባቴ ቆዳ ቀላ፤ «እሰይ! እጅ ማለት ይሄ ነው! ወንድ ልጅ ውለዱ!» እያለ ዞሮ እኔን ያየኛል። ሰዎቹም ያዩኛል።

ታደለ የአባባን ቀኝ ክንድ አንሥቶ ያዘ።

«ክንዱን ተው! ታደለ፣ ክንዱን ተው አልኩህ!»

እናቴ ነጠላዬን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝ። ታደለ፣ የወለቀ ትከሻ የሚመልሱ ወጌሾች ሲያደርጉ እንዳየው፣ ክንዱን ወደ ላይ ሳበና ጠመዘዘው።

ቀጭ አለ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፣ ደረቅ የቡና ቅርንጫፍ ጉልበት ላይ አድርገው ሲሰብሩት ያህል ነው። የአባባ አፍ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ከዚያ ታደለ፣ ላቡ በፊቱ ላይ እየወረደ፣ ፊቱ በርቶ፣ «ገባ!» ብሎ ጮኸ።

«ገባ! ገባ! ተመስገን! ሃሌ ሉያ!» ቤቱ ተቀወጠ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷማ መዝሙር ጀመረች።

አባባ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ገባ?» አለ።

«ገባ አባባ! ራሴ ሰማሁት! አይዞህ፣ ሲገባ ያማል።»

«ሰብሮታል! ተሰብሮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። የእናቴ ጥፊ ነው ያቋረጠኝ። «በአፍሽ ክፉ አታውጪ!» አለችኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

አባባ ታደለን እንዲንበረከክ አዘዘው። ሊመርቀው ቀኝ እጁን ሊያነሣ ሞከረ። አልተነሣም። የማያውቀው ሰው እጅ ይመስል ቁልቁል አየው፤ ከዚያ ግራ እጁን አነሣና ወንድሜ ራስ ላይ አሳረፈው። ድምፁ ወረደ። ያን ለስላሳ ድምፁን አወጣው። «እጅህ ይባረክ። የነካኸው ይዳን። አንተ ለእኔ እንደ ሆንክ ልጆችህ ለአንተ ይሁኑ» አለው። ታደለ አለቀሰ፣ ሰዉ ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ በቅናት መሰላቸው።

ክንዱ አበጠ፣ ጠቆረ። «ሲድን ነው» ተባለ። ይርጋጨፌ ወስጄ ላሳየው ብል እናቴ «የገባ ትከሻ ምኑ ይታያል?» አለችኝ። ታደለ ብዙም ሳይቆይ ምርቃቱን ይዞ መኪናውን አስነሣ። አባባ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ መቀመጥ አቃተው። እጄን ስዘረጋ «ተይኝ፣ ታደለ ይምጣልኝ» ይላል። ጥሩንባ በሰማ ቁጥር ወደ በሩ ያያል። ታደለ የመጣው ለቀብሩ ነው።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ፣ ድምፁ ሲደክም ጊዜ፣ አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ፊቱ ላይ አርፏል፣ ከደጅ የተሰጣ ቡና ይሸታል።

«አባባ፣ መርቀኝ።»

የተኛ መስሎኝ ነበር።

«እጅሽን ነፍገሽኝ ምርቃት ትጠይቂኛለሽ?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ግን በእሷ ምክንያት ብቻ አይደለም ዝም ያልኩት። እውነቱን ልንገረው ብል፣ ልትሞት ነው ልለው ነው፤ ደግሞም ክንድህን የሰበረው የመረቅኸው ልጅህ ነው ልለው ነው። ለአንድ ምርቃት ብዬ ይህን ሁሉ በሚሞት ሰው ላይ ልጫን? ተነሣሁና ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ናሆም ምሳውን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ መዳፎቹን ዘርግቶ አሳየኝ። «አባዬ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ይሄ እጅ ከአያትህ ምርቃት የመጣ ነው ይለኛል። የወለቀ ትከሻውን መለስኩለት፣ መረቀኝ ይላል። እውነት ነው እንዴ?»

«መርቆታል» አልኩት። «ፎጣው እዚያ ነው።»

ለታደለ አዝኜ ዝም ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሠርግ ላይ ያንን ታሪክ በጀመረ ቁጥር ልነግረው አፌን ከፍቼ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ ልጁ አዋቂ ሆኗል፤ አንድ ቀን አባቱ «ገባ» የሚለውን ሲተርክ ትምህርቱ ይመጣበትና ፊቱ ይጠቁራል። ያን ቀን አጠገባቸው ባልኖር ደስ ይለኛል፤ ብኖርም አላስተባብልም።

ምርቃቱንማ ትቼዋለሁ። ያለ ምርቃትም ወልጃለሁ፣ አሳድጌያለሁ፣ ማንም ፊት አጎንብሼ አላደርኩም። የማይለቀኝ ሌላ ነው። እንደዚያ ተጠንቅቄ፣ ትንፋሼን ውጬ የነካሁት ሰው በሕይወቴ የለም፣ የወለድኳቸውን ልጆች ጨምሮ። እሱ ግን ልጄ ተጸየፈችኝ ብሎ ሞተ።